ሥዕል ለማስተማር ዶክትሬት? ስለ አቻምየለህ ደበላ፣ ስለ ኦሃዮና ስለ ሰፈራችን ልጆች

«ጋሼ፣ በሥነ ጥበብ ትምህርት ፒኤችዲ ልማር አስቤያለሁ፤ ለሰው ስነግር ግን ይስቁብኛል።»

ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ዓይነት መልእክት ከሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼ ደርሶኛል። አንዷ ክፍለ ሀገር የመምህራን ኮሌጅ ታስተምራለች። አንዱ እዚሁ ሲኤምሲ አካባቢ የግል ት/ቤት የሥዕል መምህር ነው። ሦስተኛዋ ደግሞ የመግቢያ ደብዳቤው እጇ ገብቷል፤ እሺ ወይም እምቢ የምትልበት ቀን ተቆርጦላት፣ የልጇንና የእናቷን ነገር እያሰበች እንቅልፍ አጥታለች። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ስለሚል ቡና ያዙ። የውጭ አገሩን ዘመን እ.ኤ.አ. እያልኩ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

የሚስቁት ሰዎች ጥያቄያቸው እኮ የሞኝ አይደለም። ሰዓሊ ከሆንክ ሳል፣ አስተማሪ ከሆንክ አስተምር፣ ዶክትሬቱ ለምንህ ነው? ነው የሚሉት። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደነሱ ሳስብ ኖሬያለሁ ማለት እችላለሁ። ሐሳቤን ያዞረው የአንድ ኢትዮጵያዊ ሰዓሊ የትምህርት ታሪክ ነው። ወደሱ ከመሄዴ በፊት ግን አንድ መደባለቅ ላጥራ።

በሥነ ጥበብ ዙሪያ «ዶክተር» የሚባሉ ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር አልተማሩም። የጥበብ ታሪክ የሚያጠኑ አሉ፤ የዶ/ር ኤልሳቤጥ ወልደጊዮርጊስ መንገድ ይሄ ነው። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ላይ የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። በራሳቸው የፈጠራ ሥራ ላይ ተመሥርተው ዶክትሬት የሚሠሩም አሉ፤ ይሄኛው አውሮፓና አውስትራሊያ ውስጥ የተለመደ ነው። ሦስተኛው የሥነ ጥበብ ትምህርት ነው። የሚጠይቀው ሰው መሳልን እንዴት ይማራል፣ እንዴትስ ይማርበታል፣ ማን ያስተምረዋል፣ በምን ይመዘናል የሚለውን ነው። ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝ ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው።

በነገራችን ላይ «ዶክተር» የሚለው ቃል ሥሩ በላቲን ማስተማር ማለት ነው። ሐኪም ማለት አልነበረም፤ የማስተማር ፈቃድ ያለው ሰው ማለት ነበር። ይሄ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ቤቱን ተማሪ አስቡት። ይቆጥራል፣ ይዘርፋል፣ ሲጠነክር አስነጋሪ ሆኖ የታናናሾቹን ቅኔ ያርማል፤ በመጨረሻ የኔታ ሲመርቁት ሄዶ የራሱን ጉባኤ ይተክላል። ዓመታት ይፈጃል፣ አገር ለአገር ያዞራል፣ ኮቾሮ ያስበላል። የስኮላርሺፕ ገንዘብ አልበቃኝም የምትሉ ልጆች ይቺን አስታውሱ (ቀልዴን ነው፤ ግማሹን)።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ግን እንዲህ ያለ ጉባኤ አልነበረውም። ሠዓሊው ልጁን ወይም ደቀ መዝሙሩን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ቀለም እያስበጠበጠ፣ እያስገለበጠ ነው ያስተማረው። ዘመናዊው የሥዕል ትምህርት ደግሞ በመርከብና በአውሮፕላን መጣ። አገኘሁ እንግዳ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፓሪስ ሄደው ተማሩ። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠኑ ነበር፤ ለንደን ስሌድ ገብተው ሰዓሊ ሆነው መጡ። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ሄዱ፣ በታዋቂው የሥነ ጥበብ ኢንስቲትዩት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ተመለሱ።

የአለ ፈለገ ሰላም ታሪክ ለኔ ከሁሉም ይለያል። ከውጭ የተመለሰ ሰዓሊ የራሱን ስቱዲዮ ከፍቶ፣ ከመንግሥት ሥራ እየተቀበለ በሰላም መኖር ይችል ነበር። እሳቸው ቤታቸው ውስጥ ልጆች ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ፤ ከዚያ ነው በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ት/ቤቱ የተቋቋመው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ስማቸውን ይዟል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ኮሎኝ መጥቶ እዚያ አስተማረ። እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ መጥቶ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 አስተማረ። አንዱ በጀርመን መንፈስ፣ አንዱ በፓሪስ፣ ዳይሬክተሩ በቺካጎ፣ ተማሪዎቹ ደግሞ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ! ያንን ክፍል በመስኮት ለማየት ምን ባልሰጠሁ።

እንግዲህ አቻምየለህ ደበላ ከዚያ ትውልድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1949 አዲስ አበባ ተወለዱ፣ በዚያው ት/ቤት ተማሩ። ቀጥሎ የሄዱት ግን ወደ አውሮፓ አልነበረም። ሰሜን ናይጄሪያ፣ ዛሪያ፣ አሕመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ይቺን ሰዎች ቶሎ ያልፏታል፤ እኔ ግን ቆም እላለሁ። ዛሪያ ማለት ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ኡቼ ኦኬኬ፣ ዴማስ ንዎኮና ጓደኞቻቸው «የእንግሊዝ መምህራኖቻችን የሚያስተምሩንን ብቻ አንሥልም» ብለው ማኅበር ያቋቋሙበት ግቢ ነው። ከውጭ የመጣውንና የራስን አዋሕዶ መሥራት የሚለውን አስተሳሰብ በስም የጠሩት እነሱ ናቸው። አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ለዲግሪ አፍሪካ ውስጥ ሲሄድ፣ ጥበብን የሚማርበት ቋንቋ ራሱ ክርክር የተነሣበት ቦታ ነው የደረሰው።

ከዛሪያ በኋላ አሜሪካ። ባልቲሞር ውስጥ ሞርጋን ስቴት የሙዚየም ጥናት፣ እዚያው ከተማ ሜሪላንድ ኢንስቲትዩት የሥዕል ማስተርስ (ኤምኤፍኤ)። ሰዓሊ ናቸው፣ ኤምኤፍኤ አላቸው፣ ሊያስተምሩ ይችላሉ። አብዛኛው ሰው እዚህ ያቆማል። እሳቸው ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብተው በሥነ ጥበብ ትምህርት ዶክትሬታቸውን ሠሩ፤ ያውም በኮምፒውተር ግራፊክስ ላይ አተኩረው። ጊዜው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ያኔ እዚህ አገር ብዙዎቻችን ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር በፎቶ እንኳን በደንብ አላየነውም።

ለምን የኮምፒውተር ሥዕል በሥነ ጥበብ ትምህርት ክፍል ውስጥ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ደግሞ ቻርልስ ሱሪ የሚባል ሰው ነው። የማዕድን ሠራተኛ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ሻምፒዮን የሆነው የኦሃዮ ስቴት የፉትቦል ቡድን ተጫዋች (የነሱን ፉትቦል ማለቴ ነው፣ የኛን አይደለም)፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተሸላሚ ወታደር፣ ከዚያ ደግሞ ሰዓሊ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ካርድ እየተበሳ በሚሠራበት በዚያ ግዙፍ ኮምፒውተር መሳል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1967 የሠራትን ስለ አንዲት ትንሽ ወፍ የምትናገር አጭር የኮምፒውተር ፊልም የኒውዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ወሰዳት። ይሄ ሰው በኦሃዮ ስቴት የሥነ ጥበብ ትምህርት ፕሮፌሰር ነበር። የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ አምጥቶ የምርምር ቡድን አቋቋመ፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪና የሥዕል ተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው እንዲሠሩ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2022 በ99 ዓመቱ ነው ያረፈው።

ነጥቡ ይገባችኋል ብዬ አስባለሁ። የሥዕሉ ክፍል ብሩሽ ይዞ ቢቀመጥ፣ የኮምፒውተር ሳይንሱ ክፍል ሥዕሉን ቢንቅ፣ መሐል ላይ የነበረው የትምህርት ክፍል ነው አዲሱን መሣሪያ የተቀበለው። ምክንያቱም የትምህርት ክፍል «ይሄ ጥበብ ነው ወይስ አይደለም» ብሎ አይነጫነጭም። «ሰው በዚህ ምን ይማራል?» ብሎ ነው የሚጠይቅ። አቻምየለህ ደበላ ከዚያ ወጥተው ሰሜን ካሮላይና፣ ደርሃም ከተማ፣ ኖርዝ ካሮላይና ሴንትራል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው ለረጅም ዓመታት አስተማሩ፤ በኮምፒውተር ከሚሠሩ የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን ሰዓሊዎች አንዱ ተብለው ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስለ ኢትዮጵያውያን ዲያስፖራ ሰዓሊዎች ባዘጋጀው ዐውደ ርዕይ ከእስክንድርና ከጁሊ ምሕረቱ ጋር ሥራቸው ቀርቧል።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ልብ ያላላችሁትን አንድ ክር ልምዘዝ። ሞርጋን ስቴት የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው። ኖርዝ ካሮላይና ሴንትራልም እንዲሁ። እስክንድር ቦጎሲያን ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ያስተማረበት ሃዋርድም እንዲሁ። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ማስተርሱን የሠራው እዚያው ሃዋርድ ነው። ኢትዮጵያዊ ሰዓሊ አሜሪካ ውስጥ በር የተከፈተለት በአብዛኛው በነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ነበር።

የሥነ ጥበብ ትምህርት ራሱስ? ቪክቶር ሎዌንፌልድ የሚባል የኦስትሪያ አይሁዳዊ ነበር። ቪየና ውስጥ ዓይነ ስውራን ልጆችን ቅርጻ ቅርጽ ያስተምር ነበር፤ ናዚዎች ሲመጡ እ.ኤ.አ. በ1938 ሸሸ። አሜሪካ ደርሶ ያስተማረው ቨርጂኒያ ውስጥ ሃምፕተን በሚባል የጥቁሮች ኮሌጅ ነው። ከስደት የመጣ ነጭ መምህርና በገዛ አገራቸው ከፊት ወንበር የተከለከሉ ተማሪዎች! ከተማሪዎቹ አንዱ ጆን ቢገርስ ነበር። ሎዌንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ፔንሲልቬኒያ ስቴት ሲዛወር ቢገርስ ተከተለው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ዶክትሬቱን እዚያ ያዘ። ከዚያ በፊት ሂዩስተን ሄዶ ቴክሳስ ሳዘርን ውስጥ የሥነ ጥበብ ክፍል አቋቁሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ በዩኔስኮ ድጋፍ ምዕራብ አፍሪካን ዞሮ ሣለ። ዶክትሬቱ ብሩሹን አላስጣለውም፤ ግድግዳ የሚሞሉ ሥዕሎቹ ምስክር ናቸው። «ፒኤችዲ ከገባሁ ሰዓሊነቴ ይሞታል» ለምትለኝ ልጅ ይሄን ነው የምነግራት።

ሎዌንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1947 ያሳተመው መጽሐፍ የሙያው መሠረት ሆነ። ልጅ ሲያድግ ሥዕሉ በደረጃ ያድጋል ይላል፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ይጫጭራል፣ ከዚያ ራስና እግር ብቻ ያለው ሰው ይሥላል፣ ሰባት ዓመት አካባቢ የራሱን ቋሚ ምልክት ያበጃል፣ እያለ እስከ ጉርምስና ይወስደናል። እኛም መምህራን ስንሠለጥን ይቺኑ ነው በማስታወሻ የገለበጥናት።

እሺ፣ አሁን ሰፈሬ ልምጣ። ሲኤምሲ፣ ስሙ ራሱ የአንድ የጣሊያን ግንባታ ኩባንያ ምህጻረ ቃል የሆነ ሰፈር። እዚህ የሚያድግ ልጅ በመስኮቱ የሚያየው ፎቅ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ክሬን ነው። ወረቀት ሰጥታችሁ «ቤት ሣል» በሉት። ባለ ሦስት ማዕዘን ጣሪያ ያላት፣ ጭስ ማውጫዋ የሚጨስ፣ በጎንዋ ዛፍ የቆመላት ቤት ነው የሚሥልላችሁ። በዓመታት ውስጥ ስንቱን ወረቀት እንዳረምኩ አልቆጥርም፤ ጭስ ማውጫዋ ግን አትቀርም። ሲኤምሲ ሚካኤል አካባቢ ጭስ ማውጫ ያለው ቤት ያየ ልጅ አለ? ከየት አመጣት? ከመጽሐፍ፣ ከካርቱን፣ ከአጠገቡ ከተቀመጠው ልጅ።

ብሬንትና ማርጆሪ ዊልሰን የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ይህንኑ ነው ያነሡት። ልጅ መሳልን የሚማረው ከሌላ ሥዕል ነው አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የግብፅ ልጆችን ሥዕል አጥንተው የየአካባቢው ልጆች የየራሳቸው የአሳሳል ልማድ እንዳላቸው አሳዩ። የሎዌንፌልድ ደረጃ ለሁሉም ልጅ እኩል አይሠራም ማለት ነው። ወደኛ አምጡት። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያየናል፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይኑ ይሣላል። በየሳምንቱ ይህን እያየ ያደገ የስድስት ዓመት ልጅ ትልልቅ ዓይን ያለው፣ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ቢሥል፣ መምህሩ «ገና ደረጃው አልደረሰም» ይበለው? ወይስ ልጁ አንድ ሙሉ የሥዕል ቋንቋ ተምሮ መጥቷል? አያችሁ፣ ይቺ የመመረቂያ ጽሑፍ ናት። ላሊበላ አካባቢ አንድ ዓመት፣ ሲኤምሲ አንድ ዓመት ተቀምጦ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዞ የሚሠራ ጥናት። ከኦሃዮ ወይም ከፔንሲልቬኒያ የሚመጣ ፈረንጅ ሊሠራት አይችልም አልልም፤ «የኔታ»ን በማስተርጓሚ ይሰማል እንጂ።

ሰው የማያውቀው ሌላ ወጥመድ አለ። አሜሪካ ውስጥ የሥነ ጥበብ ኮሌጆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1977 ኤምኤፍኤ ለሰዓሊ የመጨረሻው ዲግሪ ነው ብሎ አጽድቋል። እዚያ ኤምኤፍኤ ያለው ሰው ፕሮፌሰር ይሆናል። በደርግ ጊዜ ሌኒንግራድና ሞስኮ ሄደው ስድስትና ሰባት ዓመት ሥዕል የተማሩትም የያዙት የማስተርስ ወረቀት ነው። እዚህ አገር ግን አስተዳደሩ ሁሉንም በአንድ ሚዛን መመዘን ይወዳል። አንድ ወዳጄ፣ ሥራዎቹ ውጭ አገር የታዩ ሰዓሊ፣ ስሙን በማልጠራው ተቋም ለዕድገት ሲያመለክት «ትምህርትህን ስትጨርስ ተመለስ» ተብሏል። ስንስቅ አመሸን፤ ግን አያስቅም። ስለዚህ አንዳንዱ ወደ ዶክትሬት የሚሮጠው ጥያቄ ኖሮት አይደለም፣ ደረጃ ሊያገኝ ነው። ለዚህ ከሆነ፣ ልጆች፣ ተዉት። አምስትና ስድስት ዓመት ለደረጃ ብቻ አይከፈልም። በአሜሪካው መንገድ ሁለት ሦስት ዓመት ኮርስ፣ ከዚያ የብቃት ፈተና፣ ከዚያ ፕሮፖዛል፣ ከዚያ የመስክ ሥራና ጽሑፍ አለ። ጥያቄ የሌለው ሰው ፈተናውን ያልፍና ፕሮፖዛሉ ላይ ይቀመጣል።

«ጽሑፍ አልወድም፣ እኔ የማስበው በሥዕል ነው» ላልከኝ ለግል ት/ቤቱ መምህር ደግሞ አንድ ዜና አለኝ። ኤልየት አይዝነር፣ እሱም የሥዕል መምህር የነበረ፣ በኋላ የስታንፎርድ ፕሮፌሰር፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ «ልብ ወለድ የዶክትሬት ጽሑፍ ሊሆን ይችላል» ብሎ ተከራክሮ ብዙ አቧራ አስነሥቶ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2014 ኒክ ሱዛኒስ የሚባል ሰው ኮሎምቢያ መምህራን ኮሌጅ ውስጥ ሙሉ የዶክትሬት ጽሑፉን በኮሚክ፣ በሥዕል ሠርቶ ተመረቀ። በዓመቱ ሃርቫርድ በመጽሐፍ አሳተመው። ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፤ ያንን ለማሣል የሚያነበው ጽሑፍ ከሌላው አይቀንስም።

ይሄ ሁሉ ለማን ይጠቅማል? አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥዕልን፣ ሙዚቃን፣ ቴአትርንና ውዝዋዜን አንድ ላይ አድርጎ «ክወናና ዕይታ ጥበባት» ብሎታል። በሐሳብ ደረጃ ደስ ይለኛል፤ የኛ ሕይወት ራሱ እንዲህ የተደባለቀ ነው። ግን ሥዕል የተማረው መምህር ከበሮ ሊያስተምር፣ ሙዚቃ የተማረችው ደግሞ ጥላና ብርሃን ልታሳይ ነው። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል፣ ቀለም በሌለበት። ይህን መምህር ማን ያሠልጥነው? መጽሐፉን ማን ይጻፍለት? ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ከኛ ሰፈር በታክሲ ቅርብ ነው፤ እዚያና በየክልሉ ኮሌጅ ቆሞ «ልጅ በጭቃና በከሰል ምን ይማራል» የሚለውን በማስረጃ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። በስሜት መናገርማ እኛ ሽማግሌዎቹ እንችልበታለን።

የመግቢያ ደብዳቤ ለያዘችው ልጄ። ትሄጂ ወይም ትቀሪ አልልሽም፤ የእናትሽን ጤና እኔ አላውቅም። አቻምየለህ ደበላ ከአገር በወጡበት ዘመን የወጡ ብዙዎች ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የሚመለሱበት አገር ተለውጦ ጠበቃቸው፤ የያዙትን እውቀት ያካፈሉት ለደርሃምና ለዋሽንግተን ልጆች ሆነ። በነሱ ላይ የሚፈርድ ሰው ዘመኑን አልኖረውም። ያንቺ ዘመን ግን ሌላ ነው፤ የመስክ ሥራሽን እዚህ ማድረግ ትችያለሽ። ስለዚህ ደብዳቤውን ከመፈረምሽ በፊት ሦስት ነገር በኢሜይል ጠይቂያቸው። የገንዘብ ድጋፉ ለስንት ዓመት ነው፣ ክረምቱንስ ይጨምራል ወይ? አማካሪዬ የሚሆነው ሰው ማን ነው፣ ጡረታ ሊወጣ አልደረሰም ወይ? መረጃዬን በአማርኛ ሰብስቤ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ዓመት ልቀመጥ ብል ድጋፉ ይቋረጣል ወይ? በሦስተኛው ላይ «አይቋረጥም» ካሉሽ ከልጅሽ የምትለዪበት ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። «ይቋረጣል» ካሉሽ ደግሞ ቀኑን እንዲያራዝሙልሽ ጠይቂና ሌላ ቦታ አመልክቺ፤ ማራዘም የተለመደ ነው፣ አያሳፍርም።

የማመልከቻ ጽሑፍ የምታዘጋጁ ሌሎቻችሁም ካላችሁ ረቂቁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። በአማርኛ ብትጽፉት እመርጣለሁ፤ ጥያቄው በአማርኛ ካልጠራ በእንግሊዝኛ አይጠራም። ስለ አቻምየለህ ደበላ ወይም ስለ ት/ቤቱ የመጀመሪያ ዓመታት ፎቶ ያላችሁ ታላላቆቻችን ደግሞ ከታች አስተያየቱ ላይ ብትለጥፉልን ውለታ ነው፤ በተለይ የመማሪያ ክፍሎቹን ውስጥ የሚያሳይ ካለ።